የሚቀነሰው ሥጋው ነው ወይስ አጥንቱ? ስለ ድመት ኩላሊትና ፎስፈረስ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ኩላሊቷ የታመመ ድመት ምን ትብላ በሚል ጥያቄ ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ድመት ያለበትን ቤት ሁሉ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በምግብ ውስጥ የሚገኘው ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን የደከመ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ድመቷ ሥጋ ጨርሶ ይቅርባትና እንጀራ በሽሮ ትብላ፤ ካስፈለገም የጣና ዓሣ ራስና አጥንት ይሰጣት፤ የታሸገ ምግብ የሚገዛ ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የፎስፈረስ መቶኛ ዝቅ ያለውን ይምረጥ፤ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ትላስ፤ ያረጁ ድመቶች ሁሉ ሳይታመሙ በፊት ይህንኑ ይጀምሩ፤ ውኃ መጠጣት ኩላሊቱን ስለሚያደክመው ውኃዋ ይመጠን፤ አልበላም ያለችው ድመት ደግሞ ራብ እስኪያስተምራት ትጠበቅ። ጸሐፊው ለእንስሳ ያላቸውን ርኅራኄ አልጠራጠርም፤ ምክራቸው ግን እንደተጻፈ ቢፈጸም ከሚያድነው ይልቅ የሚጎዳው ስለሚበዛ ነጥብ በነጥብ መመለሱ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መነሻቸው ትክክል ነው። ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ የመጣውን ትርፍ ፎስፈረስ ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ኩላሊቱ ሲደክም ትርፉ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ይህን ለማስተካከል ሲሉ ሆርሞናቸውን ከልክ በላይ ያመነጫሉ፤ ካልሲየም ከአጥንት እየተሸረሸረ ይወጣና ከፎስፈረሱ ጋር ተዋሕዶ በደም ሥር፣ በሌላውም ለስላሳ አካል፣ በራሱ በኩላሊቱም ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ከበሽታው አራት ደረጃዎች በ2ኛውና በ3ኛው ላይ የነበሩ 45 ድመቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው እስከ 2 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። የተለመደውን የአዋቂ ድመት ምግብ ከበሉት መካከል 26 በመቶው ቆሻሻ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ለሚከሰተው ድንገተኛ ቀውስ ሲዳረጉ፣ ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀውን ምግብ ከበሉት መካከል አንዷም አልተዳረገችም። ስለዚህ ፎስፈረስ ይቀነስ በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም፤ የምንለያየው ከየትኛው ምግብ፣ በምን መለኪያና መቼ ይቀነስ በሚለው ላይ ነው።

«ሥጋ ጨርሶ ይቅርባት» የሚለው የጽሑፉ ዋና ምክር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስበት። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ድመቶቹን የጠቀመው ምግብ ከሥጋ የራቀ አልነበረም። ለኩላሊት የሚዘጋጁ የድመት ምግቦች ፕሮቲናቸው መጠነኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ውኃው ሲወጣ ከሚቀረው ደረቅ ክፍል ከ28 በመቶ አያንስም፤ አብዛኛውም ከእንስሳ የተገኘ ነው። ድመት ሥጋ በል ሆና ስለተፈጠረች ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከጤፍም ከአተርም አታገኘውም፤ የምታገኘው ከሥጋ፣ ከልብና ከዓሣ ነው። ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ የውስጥ ሽፋን እየጠፋ እንደምትታወር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧም እየሰፋ እንደሚዳከም በ1987 ታውቋል። ኩላሊቷን ለማዳን ሲባል ዓይኗንና ልቧን የሚያስከፍል ምክር ደግሞ ሕክምና ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የመለኪያ ነው። ጽሑፉ ሥጋና ሽሮን ያነጻጸረው በክብደት ነው፤ ድመት ግን በቀን የምትፈልገው ኃይል የተወሰነ ስለሆነ ጥያቄው ያንን ኃይል ስታገኝ አብሮት ስንት ፎስፈረስ ይገባል የሚል መሆን ነበረበት። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 220 ኪሎካሎሪ ትፈልጋለች እንበል። ለኩላሊት የሚዘጋጁት ምግቦች በአብዛኛው በ1000 ኪሎካሎሪ ከ1.5 ግራም የማይበልጥ ፎስፈረስ ስላላቸው የዚህች ድመት የቀን ድርሻ ከ330 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል ማለት ነው። አሁን የምናውቃቸውን ምግቦች በዚህ ሚዛን እናስቀምጣቸው። 100 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ ወደ 195 ሚሊግራም ፎስፈረስና ወደ 137 ኪሎካሎሪ አለው፤ ይህም በ1000 ኪሎካሎሪ 1.4 ግራም ገደማ ይመጣል። ከአምስት እጁ አንዱ ጮማ የሆነ ሥጋ ደግሞ በ100 ግራም ወደ 158 ሚሊግራም ፎስፈረስና ወደ 254 ኪሎካሎሪ ስለሚይዝ ከ0.7 ግራም በታች ይወርዳል። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 430 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስና ወደ 370 ኪሎካሎሪ ስላለው ከቀዩ ሥጋ ብዙ አይርቅም። እርግጥ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ ታስሮ ስለሚገኝ የድመት አንጀት ሁሉንም አይወስደውም፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ከእስሩ የተወሰነው ይፈታል። ይህን ሁሉ ለእህሉ ብንቆጥርለት እንኳ የሚገኘው ጥቅም የሥጋን ፕሮቲንና ታውሪን ለማጣት የሚያበቃ አይደለም።

በዚህ ሚዛን እጅግ ከሚከፉት አንዱ በየቤቱ ለድመት ተብሎ የሚጣለው ሳምባ ነው። ሳምባ በ100 ግራም ከ200 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ ይዞ ኃይሉ 100 ኪሎካሎሪ እንኳ ስለማይሞላ በ1000 ኪሎካሎሪ ከ2 ግራም ያልፋል። ጉበትም ፎስፈረሱ ከቀይ ሥጋ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው፤ በዚያ ላይ ዘወትር ሲበላ ቫይታሚን ኤ ከልክ በላይ ይከማቻል። ጽሑፉ ሥጋን በጅምላ ሲከለክል እነዚህን ሁለቱን ከሌላው ለይቶ አለማንሣቱ አስገርሞኛል፤ ድመት ያለው ሰው ከልኳንዳ በነጻም ሆነ በርካሽ የሚያገኘው በተለይ እነሱን ነውና።

ሽሮውን በተመለከተ ከፎስፈረሱ የባሰ ነገር አለ። በጎጃም ቤት ሽሮ የሚሰናዳው አተሩ ወይም ሽምብራው ተቆልቶና ተከክቶ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከሌላውም ቅመም ጋር ተመጥኖ በመፈጨት ነው፤ ወጡ ሲሠራም ቀይ ሽንኩርት ይቁላላለታል። ነጭም ይሁን ቀይ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ ወይም የተፈጨ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን የሚመነጨው ከኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቷ የደከመ ድመት ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ ደም ያነሳት ናት፤ በላዩ ላይ በሽንኩርት የሚፈርሰውን የምትተካበት አቅም የላትም። ስለዚህ «ሽሮ ቀላል ምግብ ነው» የሚለው አነጋገር ለሰው ይሥራ እንጂ ለእርሷ አይሠራም።

ጸሐፊው ለዚህ ምክራቸው ያቀረቡት ማስረጃ ዐቢይ ጾም ነው። «55 ቀን ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ድመቶቻችን ሽሮ ፍትፍት እየበሉ ደኅና ይከርማሉ» ይላሉ። የሚከርሙት ግን በፍትፍቱ ብቻ አይደለም። ጤነኛዋ ድመት ማታ ጎተራ ሥር አድፍጣ አይጥ ትይዛለች፣ ጓሮ ወጥታ ወፍ ታድናለች፤ ባለቤቷ ስትጾም እርሷ አትጾምም። ያረጀችውና ከምድጃው ዳር የማትነሣው ታማሚ ድመት ግን የምታገኘው የሚቀርብላትን ብቻ ስለሆነ ለእርሷ ጾሙ እውነተኛ ጾም ነው። በጾም ልኳንዳ ቢዘጋም ዶሮ ባለበት ቤት እንቁላል አይጠፋም። የአንድ እንቁላል ነጩ ክፍል 5 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስ ብቻ ሲኖረው አስኳሉ ከ60 ሚሊግራም በላይ አለው፤ ስለዚህ ነጩን ቀቅሎ፣ በጥቂት ለጋ ቅቤ ለውሶ መስጠት ፎስፈረሱ ያነሰ ጥሩ ፕሮቲን ይሆናታል። ቅቤውም ፎስፈረስ የለውም በሚባል ደረጃ አነስተኛ ሆኖ ኃይል ይጨምርላታል። በቅመም የተነጠረው ቅቤ ግን አይሆንም፤ ብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርት ይገባበታልና።

ደብረ ማርቆስ የማውቃቸው አንዲት እናት ለአሮጊት ድመታቸው ሥጋውን በጥፍር ልክ ይከትፉና በብዙ ውኃ ቀቅለው መረቁን ለውሻው ይሰጡታል። ይህ ዘዴ ከሥጋው ፎስፈረስ የተወሰነውን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ታውሪንም አብሮ ከመረቁ ጋር ይሄዳል እንጂ። በዚህ መንገድ የሚያበላ ሰው ጥቂት የበሬ ልብ ወይም ከዶሮው ጠቆር ያለውን የጭን ሥጋ ሳይቀቅል ጠበስ አድርጎ ቢጨምርበት የጎደለው በከፊል ይመለሳል። ያም ሆኖ አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ አዮዲንና ቫይታሚን ኢም ይጎድለዋል፤ ስለዚህ የቤት ምግብ ሐኪም ያዘዘው ማሟያ ካልተጨመረበት የጥቂት ሳምንት መፍትሔ እንጂ የዕድሜ ልክ ምግብ ሊሆን አይችልም። ጮማውንም ቢሆን ለማያውቀው ሆድ ቀስ በቀስ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ወደ ዓሣው ልለፍ። «የጣና ዓሣ ቀላል ስለሆነ ራሱና አጥንቱ ለኩላሊት ድመት ተስማሚ ነው» ተብሏል። ከባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ዓሣ አራጆች ሲሠሩ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ቆሮሶው ይላጥና ሁለቱ ጎኖቹ በስለት ተገፍፈው ለገዢ ይመዘናሉ፤ ራሱ፣ የጀርባ አጥንቱና ክንፉ ለድመትና ለይብራ ይወረወራል። ችግሩ ያለውም እዚያ ላይ ነው። አጥንት ማለት በአብዛኛው የካልሲየምና የፎስፈረስ ውሕድ ስለሆነ ለድመት የሚወረወረው ክፍል ከዓሣው ሁሉ ፎስፈረስ የሞላበት ክፍል ነው። የቆሮሶ ሥጋ በ100 ግራም ወደ 170 ሚሊግራም ፎስፈረስና ከ100 ያነሰ ኪሎካሎሪ ስላለው ሥጋው ራሱ ከበሬ ሥጋ የተሻለ አይደለም፤ ከነአጥንቱ ሲበላማ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከነአጥንቱ የሚደርቀው ትንንሽ ዓሣም ውኃው ወጥቶለት ሌላው ሁሉ ስለሚቀር ከሁሉ የባሰ ነው። ታማሚዋ ድመት ዓሣ ከለመደችና ሌላ አልበላም ካለች የአምባዛው ወፍራም ሥጋ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ፣ አልፎ አልፎ ይሰጣት። ራስና አጥንቱ ለጎረቤቱ ጤነኛ ድመት ይሁን።

የታሸገ ምግብን በተመለከተ ጽሑፉ «0.25 በመቶ የሚለውን የቆርቆሮ ምግብ ትታችሁ 0.8 በመቶ የሚለውን ደረቅ ምግብ አትግዙ» ይላል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ወስደን እንሥራቸው። የቆርቆሮው ምግብ 78 በመቶው ውኃ ከሆነ የቀረው ደረቅ ክፍል 22 በመቶ ነው፤ 0.25ን ለ0.22 ስናካፍል ፎስፈረሱ ከደረቁ ክፍል 1.14 በመቶ ይሆናል። ደረቁ ምግብ 10 በመቶ ውኃ ቢኖረው 0.8 ለ0.9 ሲካፈል 0.89 በመቶ ይመጣል። ትንሽ የመሰለው ትልቁ ሆኖ ተገኘ። በኃይል ሲሰላ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ቆርቆሮው በ100 ግራም 85 ኪሎካሎሪ፣ ደረቁ 380 ኪሎካሎሪ ቢኖራቸው የመጀመሪያው በ1000 ኪሎካሎሪ 2.9 ግራም፣ ሁለተኛው 2.1 ግራም ፎስፈረስ ይሰጣሉ። ሁለቱም ለኩላሊት ታማሚ አይሆኑም። የሚመረጠው ለኩላሊት ተብሎ የተሠራው፣ ለምሳሌ ፎስፈረሱ 0.5 በመቶ ሆኖ በ100 ግራም 400 ኪሎካሎሪ የሚሰጠው ደረቅ ምግብ ነው፤ ሲሰላ 1.25 ግራም ይመጣል። ይህን ስል እርጥቡን ምግብ ማጣጣሌ አይደለም፤ ሁለት ለኩላሊት የተሠሩ ምግቦች ከተገኙና ድመቷ ሁለቱንም ከበላች እርጥቡ ውኃ ስለሚጨምርላት ይመረጣል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ነገር ደግሞ አለ። በማሸጊያው ላይ ካለው የይዘት ዝርዝር ውስጥ ሶዲየም ፎስፌት፣ ፖታሲየም ፎስፌት ወይም ፎስፎሪክ አሲድ የሚል ቃል ከተገኘ ያ ምግብ መጣዕሙን ወይም መልኩን ለማሳመር የተጨመረ የፎስፈረስ ጨው አለበት። በሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ እየተፈጨ ቀስ ብሎ ሲገባ ጨው ሆኖ የተጨመረው ግን ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ መጠኑ እኩል ሆኖ እንኳ ጉዳቱ ይከፋል፤ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የጤነኛ ድመትን ኩላሊት እንደሚጎዳ በሙከራ ታይቷል። የታሸገ የድመት ምግብ በጎጃም ከተሞች እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰው ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሁሉ በአድናቆት ይቀበላል፤ ከመክፈሉ በፊት የማሸጊያውን ጀርባ ቢያነብ ግን ገንዘቡንም ድመቱንም ያተርፋል።

የእንቁላል ቅርፊቱ ሐሳብ ግማሽ እውነት አለበት። ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔትም ምግብ ውስጥ ሲገባ ከፎስፈረሱ ጥቂቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣል። ስለዚህ የሚሠራው ከምግቡ ጋር ተለውሶ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ እንዳለው ጠዋት በባዶ ሆድ ማላስ የሚይዘው ፎስፈረስ በሌለበት ማባከን ነው። መጠኑም ያስፈራል። አንድ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት 5 ግራም ያህል ስለሚመዝን ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይይዛል፤ የ4 ኪሎ ድመት ዝቅተኛ የቀን ፍላጎት ግን ወደ 330 ሚሊግራም ነው። በየቀኑ ከፍላጎቷ አምስትና ስድስት እጥፍ ካልሲየም ማብላት በደሟ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሊያንረው ይችላል፤ የናረ ካልሲየምም ራሱን የቻለ የኩላሊት ጠላት ነው። ለከብት መኖ የሚሸጠውን የአጥንት ዱቄት በቅርፊቱ ፈንታ የሚጨምሩም አሉ፤ እርሱ ፎስፈረሱን ራሱን መልሶ ማብላት ስለሆነ ፈጽሞ አይሆንም።

«ያረጁ ሁሉ ይጀምሩ» በሚለው ላይ ዓለም አቀፉ መመሪያ ሌላ ይላል። አይሪስ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የእንስሳት ኩላሊት ባለሙያዎች ማኅበር በሽታውን በአራት ደረጃ የሚከፍለው በዋናነት ኩላሊት ከደም አጣርቶ ሊያስወጣው የሚገባው ክሬያቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም ውስጥ ባለው መጠን ነው፤ በድመት 1.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ላይ 2ኛው ደረጃ ይጀምራል፣ ከ2.8 በላይ 3ኛው፣ ከ5 በላይ 4ኛው ነው። የኩላሊት ምግብ በአጠቃላይ የሚመከረው ከ2ኛው ደረጃ ጀምሮ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በ2ኛው ደረጃ ከ4.6፣ በ3ኛው ከ5፣ በ4ኛው ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ገና በጅምሩ ላይ ያሉ አንዳንድ ድመቶች ፎስፈረሱ እጅግ ሲቀነስባቸው ካልሲየማቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ቀድሞ መጀመር ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም። በእኛ አካባቢ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራው በአብዛኛው ከበሬ፣ ከላምና ከበቅሎ ጋር ስለሆነ ድመት ይዞ መሄድ የሚያፍር ሰው አለ፤ ማፈር አያስፈልግም፤ ክሬያቲኒንና ፎስፈረስ በተለመደው የደም ምርመራ የሚለኩ ስለሆኑ ሐኪሙን ናሙና ወስዶ እንዲያስለካ መጠየቅ ይቻላል።

ውኃን መመጠን ስለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ድመቷ አብዝታ የምትጠጣው ኩላሊቷ ሽንቱን ማወፈር አቅቶት ውኃው ስለሚያመልጣት ነው፤ የምትጠጣው የጠፋውን ለመተካት ስለሆነ የከለከላት ሰው ያደርቃታል፤ ድርቀቱም የቀረውን ኩላሊት ይጨርሰዋል። ንጹሕ ውኃ በቤቱ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቀመጥላት።

የመጨረሻው፣ «ራብ ያስተምራታል» የሚለው፣ ከሁሉም አደገኛው ነው። ውሻ ቢራብ ያገኘውን ይበላል፤ ድመት ግን ያልወደደችውን ምግብ ትታ ቀናት ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። በተለይ ወፍራሟ ድመት ላይ ይህ በጥቂት ቀናት ይጀምራል። አዲሱ ምግብ በቀድሞው ላይ በጥቂቱ እየተቀላቀለ በሁለትና ሦስት ሳምንት ቢለመድ፣ እርጥቡም ገላ እስኪሞቅ ያህል ለብ ቢል መዓዛው ስለሚወጣ ትቀርበዋለች። በምታስመልስበትና ምራቋ በሚዝረበረብበት ሰዓት አዲሱን ምግብ ማቅረብ ግን ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዛ ለዘለዓለም እንድትጠላው ያደርጋታል፤ መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች የለመደችው ምግብ፣ ፎስፈረሱ ቢበዛም እንኳ፣ ይመለስላትና ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ የፎስፈረሱ ጉዳይ መብላት ከጀመረች በኋላ የሚደረስበት ነው።